ስለ ባሕር ዛጎል ቀለምና ስለ ወገኑ አለያየት



ሰው ማናቸውንም ነገር አስቀድሞ የሚያውቀው በዓይኑ ነው፤ ዓይንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ቀለምን ነው። ስለዚህ ገበሬ በሬውን ቡሬ፣ ወይኖ፣ ዳለቻ እያለ ይጠራል፤ ባለ ፈረስም ፈረሱን ዳማ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ ይለዋል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ በሬን ከበሬ፣ ፈረስንም ከፈረስ ለመለየት ይረዳልና። ነገር ግን አንዲት ላም ዘንድሮ ቡሬ፣ ለከርሞ ዳለቻ ብትወልድ፣ «እነዚህ ሁለት ጥጆች ሁለት ልዩ ልዩ እንስሶች ናቸው» የሚል ሰው አይገኝም። ላምን ከነእናቷ ከነልጇ ስለምናውቃት ቀለሟ አያታልለንም። በቅርብ የማናውቀውን ፍጥረት ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀለም ምስክር መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፍርዱም ብዙ ጊዜ የተጣመመ ይሆናል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ነገር ጎልቶ ስለሚታይበት ስለ ባሕር ዛጎል ጥቂት ልናስረዳ አስበናል። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። ወገንን ከወገን ማምታታት በአንድ ስፍራ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ አንድ ፍጥረት ከዘመዶቹ ተለይቶ ሳይታወቅ እየተመናመነ ብዙ ዘመን እንዲቆይ አድርጓል። ሁለቱንም በየተራቸው እናመጣቸዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ገበታ ያለው ዛጎል

በአገራችን ዛጎል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቆዳ ልብስና በጌጥ ላይ የሚሰፋውን፣ ሆዱ እንደ ጥርስ የተሸረከተውን ነጩን ትንሽ ዛጎል ነው። እርሱ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው፤ ቤቱም አንድ ወጥ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገርለት ግን ሌላ ነው። የዚህኛው ቤት ሁለት ክፍል ሆኖ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ሁለት ገበታዎች፣ በአንድ ወገን በማጠፊያ ተያይዞ በሌላው ወገን የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ባለ ሁለት ገበታ ዛጎል እንለዋለን። ሉል የሚገኝበትም ዛጎል ከዚሁ ነገድ ይቈጠራል። እንስሳው ራሱ ለስላሳና አጥንት የሌለው ነው። ብዙው ወገን በባሕር ዳር አሸዋና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፤ ሁለት ቧንቧዎች ወደ ላይ አውጥቶ በአንዱ ውኃ ይስባል፣ በሌላው ያስወጣል። ከሳበውም ውኃ ውስጥ በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ሕያዋን አጥልሎ ይመገባል።

ይህ እንስሳ ሥጋውን የሚሸፍን ቀጭን ካባ አለው፤ ዛጎሉንም የሚሠራው ይህ ካባ ነው። የካባው ጠርዝ የኖራ ዐይነት ማዕድን በገበታው ከንፈር ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል፤ ቀለሙንም የሚቀባው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ በዛጎል ላይ ያለው ቀለም እንደ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል፤ ከማጠፊያው አጠገብ ያለው የሕፃንነቱ፣ በከንፈሩ ያለው የቅርብ ጊዜው ጽሕፈት ነውና። በካባው ጠርዝ ላይ አንድ ስፍራ ሳያቋርጥ ቀለም ቢያወጣ፣ ከማጠፊያው እስከ ከንፈሩ እንደ ፀሓይ ጨረር የተዘረጋ መስመር ይሆናል። ጠርዙ በሙሉ ለጥቂት ጊዜ ቀለም አውጥቶ ቢያቆም፣ ከከንፈሩ ጋር ተከትሎ የሚዞር ቀለበት ይወጣል። ቀለም የሚያወጣው ስፍራ ወዲያና ወዲህ ቢዛወር ደግሞ እንደ ጥልፍ እየተመላለሰ የሚሄድ መስመር ይሠራል። እንግዲህ በካባው ጠርዝ ላይ የሚሆን ትንሽ ልዩነት፣ በዛጎሉ ላይ ፍጹም ሌላ የሚመስል መልክ ያወጣል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ሌሎች ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ውርስ ነው፤ ልጅ ከወላጆቹ ቀለምን ይወርሳል። ሁለተኛው ስፍራ ነው፤ ነፋስ በማይደርስበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ዛጎል ከላዩ ይጠቁራል፤ ብረት የበዛበት ውኃ ያገኘውም ይቀላል። ሦስተኛው ከሞተ በኋላ የሚደርስበት ነው፤ ባዶው ዛጎል በባሕር ዳር ፀሓይና ማዕበል ሲፈራረቁበት ቀለሙን ጥሎ ይነጣል። ስለዚህ በሕይወት ሳለ ወይን ጠጅ የነበረው ከሞተ በኋላ ነጭ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

አንዱን ሁለት ማድረግ

በዚህ ነገር የሚመጣው ስሕተት ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው አንዱን ወገን ሁለት ማድረግ ነው፤ ሁለተኛውም ሁለቱን ወገን አንድ ማድረግ ነው። ወገን ስንል እርስ በርሱ እየተራባ ራሱን የሚመስል ዘር የሚተካውን ማለታችን ነው።

ስለ መጀመሪያው ስሕተት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ባሕር ዳር የሚኖረው ወፍራም ዛጎል ነው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1758 ይህን ዛጎል ቬኑስ መርሴናሪያ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ መርሴናሪያ መርሴናሪያ ይባላል። ቃሉ በላቲን ስለ ዋጋና ስለ ደመወዝ የሚናገር ነው። እንዲህ የተባለበትም ምክንያት የአገሩ ጥንተ ተወላጆች በውስጡ ካለው የወይን ጠጅ ቀለም ጨሌ እየፈለፈሉ፣ ዋምፐም ብለው ለቃል ኪዳንና ለስጦታ ይሰጡት፣ ከፈረንጆችም ጋር ይገበያዩበት ስለ ነበረ ነው። የዚህ ዛጎል ላይኛው መልክ አብዛኛውን ጊዜ አመድማ ወይም ነጣ ያለ ነው። ነገር ግን አልፎ አልፎ ቡናማ ጥልፍ የመሰለ የተመላለሰ መስመር ያለበት ይገኛል።

በ1822 ቶማስ ሴይ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ባለ ጥልፍ ዛጎል ባየ ጊዜ ሌላ ወገን መስሎት ቬኑስ ኖታታ የሚል ስም አወጣለት። ኖታታ ማለት ምልክት ያለባት ማለት ነው። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ሊቅ በዚያው ዓመት በደቡቡ የአሜሪካ ባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ስለሚኖር ሌላ ትንሽ ዛጎል መጻፉ ነው። ያ ዛጎል ርዝመቱ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ሆኖ በአንድ እፍኝ አሸዋ ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ቶማስ ሴይ ይህን ሁሉ ቀለም አይቶ በብዙ ስም አልከፋፈለውም፤ ዶናክስ ቫሪያቢሊስ፣ ተለዋዋጩ ዶናክስ ብሎ በአንድ ስም ሰበሰበው እንጂ። እንግዲህ አንድ ዓይን፣ በአንድ ዓመት፣ በአንዱ ዛጎል በቀለም ሳይታለል በሌላው ተታለለ። ይህ የሊቁን ክብር የሚቀንስ አይደለም፤ የነገሩን ጭንቅ የሚያሳይ ነው። ትንሹ ዛጎል በቀለም ብዛት ራሱን ሲገልጥ፣ ትልቁ ግን አንድ ልማደኛ መልክና አንድ ብርቅ መልክ ብቻ ስላሳየው ብርቁ እንግዳ መሰለው።

የባለ ጥልፉ ነገር የተፈታው ዛጎሉን በገንዳ ውስጥ ማራባት በተቻለ ጊዜ ነው። ባለ ጥልፉንና ነጩን አዳቅለው ልጆቻቸውን ቢቈጥሩ፣ ጥልፉ ቀላል ሕግ ያለው ውርስ ሆኖ ተገኘ፤ የዚህም ምርመራ ውጤት በ1961 ታትሟል። ወገኑ አንድ፣ መልኩ ግን ብዙ መሆኑም ተረጋገጠ። ዛሬ ዛጎል አርቢዎች ባለ ጥልፉን መርጠው ያራባሉ፤ በዱር ጥቂት ስለ ሆነ፣ እንደ ከብት ምልክት የእርባታውን ከዱሩ ለመለየት ያገለግላቸዋልና። ሊቁ ያወጣው ስም ከወገን መዝገብ ቢወጣም፣ በአርቢዎች ዘንድ ኖታታ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራበታል።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፣ ይህን ነገር እያንዳንዷ የቤት እመቤት በጓዳዋ ልታየው ትችላለች። ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ እንላለን፤ ዋጋቸውም ይለያያል፤ ሁሉም ግን አንድ ጤፍ ናቸው። ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ ስንል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነዚህ ሁለቱ በቀለም ብቻ የተለያዩ የአንድ ተክል ፍሬዎች አይደሉም፤ ቅጠላቸው፣ አበባቸው፣ ነገዳቸውም ጭምር የተለያየ ሁለት ተክሎች ናቸው። ነጭ የሚለው አንዱ ቃል በጤፍ ላይ ቀለምን ብቻ ሲያሳይ፣ በአዝሙድ ላይ ግን ወገንን ይለያል። እንግዲህ ቀለም በራሱ ምንም አይፈርድም፤ ከቀለሙ በታች ያለውን ሳይመረምሩ ልዩነቱ የመልክ ይሁን የወገን ማወቅ አይቻልም።

ሁለቱን አንድ ማድረግ

አንዱን ወገን ሁለት ያደረገ ሰው በመጽሐፍ ላይ አንድ ትርፍ ስም ጨመረ፤ ጉዳቱ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ሁለቱን ወገን አንድ ያደረገ ግን የባሰ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ከአሜሪካ ምሥራቅ ወደ ምዕራቧ፣ ወደ ዋሽንግተን ግዛት ባሕር ዳር እንሻገር። በዚያ ፒውጀት ሳውንድ የሚባል ረጅም የባሕር ወሽመጥ አለ፤ የሲያትል ከተማም የተሠራችው በዚህ ወሽመጥ ዳር ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ሠርተው ልጆች ወልደው ይኖራሉ። በአገራችን ይህን ፍጥረት መብላት ልማድ አይደለም፤ በዚያ አገር ግን ሰዎች ባሕሩ ሲሸሽ ከነልጆቻቸው ወርደው በመቆፈሪያ ያወጡታል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ በዚያ ለሚኖሩ ዘመዶቻችንም ይጠቅማል።

በዚያ ባሕር ዳር ከሚገኙት ዛጎሎች ሦስቱን እናንሣ። አንደኛው የማኒላ ዛጎል የሚባለው ነው። ጥንተ አገሩ ጃፓንና ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ጃፓኖች አሳሪ ይሉታል። ወደ አሜሪካ የገባው ማንም ሳያስበው ከጃፓን ለእርባታ ከሚመጣው የኦይስተር ዘር ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ በካናዳ ባሕር ዳር በ1936 ታየ፤ ከዚያም በምዕራቡ ዳርቻ ተስፋፋ። ይህ ዛጎል በቀለም ብዛት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ነጩ፣ ግራጫው፣ ቢጫው፣ ቡናማው፣ ጥቁሩ፣ ጨረር ያለበትና ጥልፍ ያለበት አለ፤ አንዳንዱም የግራ ገበታውና የቀኝ ገበታው መልክ እንኳ አይመሳሰልም። ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ የሆነ፣ በመጠን ከማኒላው የሚቀራረብና ቀለሙም ከነጭ እስከ ቡናማ የሚለዋወጥ ዛጎል ነው። ሦስተኛው የቅቤ ዛጎል የሚሉት፣ ሲያድግ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ዛጎል ነው፤ በሕፃንነቱ ግን ከሁለቱ ጋር በአንድ ቅርጫት ቢጨመር ያላወቀ ሰው አይለየውም።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በቀለም ከሆነ አይለዩም፤ የአንዱ ቀለም በሌላው ላይ ይገኛልና። በአሠራራቸው ግን ጥርት ብለው ይለያሉ። የቅቤ ዛጎል በላዩ ያሉት መስመሮች ከከንፈሩ ጋር የሚዞሩ ቀለበቶች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ከቀለበቱ ጋር ከማጠፊያው የሚወርዱ ጨረሮች ስላሏቸው በጣት ሲዳሰሱ እንደ ተሸመነ ልብስ ይሻክራሉ። የማኒላውን ከተወላጁ ለመለየት ባዶውን ገበታ ገልብጦ የከንፈሩን ውስጥ በጣት መዳሰስ ነው፤ የማኒላው ለስላሳ ሲሆን የተወላጁ እንደ ሞረድ የሻከረ ነው። ደግሞም የማኒላው ቅርጽ ሞላላ፣ የተወላጁ ክብ ይበዛበታል። የሁለቱ ቧንቧዎች ጫፍም በማኒላው የተለያየ፣ በተወላጁ የተጣበቀ ነው።

ይህ ሁሉ መለየት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ይህ ነው። በባሕር ውስጥ አሌክሳንድሪየም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፤ እነዚህም ኃይለኛ መርዝ ይሠራሉ። በበዙ ጊዜ ዛጎሎቹ ውኃውን እያጠለሉ ሲመገቡ መርዙ በሥጋቸው ይከማቻል፤ እነርሱን ግን ብዙም አይጎዳቸውም። ያንን ዛጎል የበላ ሰው አስቀድሞ ከንፈሩና ምላሱ ይነዝረዋል፤ ከዚያም ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ መርዙ ከበዛ ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ሽባ ሆነው ይሞታል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ደርሶ በመሣሪያ ትንፋሹ የተደገፈለት ግን ሊድን ይችላል። መቀቀልም፣ መጥበስም፣ በበረዶ ማቆየትም መርዙን አያጠፋውም።

በ1793 እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጆርጅ ቫንኩቨር የዚያን አገር ባሕር ዳር ሲመረምር፣ ከሰዎቹ ጥቂቶቹ በባሕር ዳር ያገኙትን ባለ ሁለት ገበታ ዛጎል በልተው በዚህ መርዝ ታመሙ፤ ጆን ካርተር የሚባለውም ሞተ። ስፍራው እስከ ዛሬ የመርዝ ወሽመጥ ተብሎ ይጠራል።

እንግዲህ ወገንን የመለየት ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መርዘኞቹ ሕያዋን ከውኃው ሲጠፉ፣ የማኒላውና ተወላጁ ዛጎል መርዙን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሥጋቸው ያስወጡታል። የቅቤው ዛጎል ግን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይዞት ሊቆይ ይችላል። መርዙ ራሱ ሳክሲቶክሲን የተባለው ሳክሲዶሙስ ከሚለው ከዚህ ዛጎል የላቲን ስም ተወስዶ ነው። በአንድ ባሕር ዳር፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ዛጎሎች አንዱ ምግብ፣ ሌላው ሞት ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በዛጎሉ ቀለም ይህን ማወቅ አይቻልም፤ በጣዕሙም አይቻልም። የውኃውም ቀለም ቢሆን አያስታምንም፤ «ቀይ ማዕበል» የሚባል ነገር ስላለ ብዙ ሰው መርዙ የሚኖረው ውኃው ሲቀላ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውኃው ጥርት ብሎ ሳለም መርዙ ይገኛል፤ የቀላ ውኃም ሁሉ መርዘኛ አይደለም። ስለዚህ የዋሽንግተን ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት የዛጎሉን ሥጋ እያስመረመረ የትኛው ባሕር ዳር ለየትኛው ወገን እንደ ተፈቀደ፣ የትኛውም እንደ ተዘጋ በካርታ ያስታውቃል። በዚያ አገር የሚኖር ሰው ከመቆፈሩ በፊት ማስታወቂያውን ማየት፣ ያወጣውንም በወገን በወገኑ መለየት ይገባዋል፤ ያልለየውንም ወደ አሸዋው መመለስ እንጂ ወደ ድስት መጨመር አይገባም።

በቀይ ባሕር የተሰወረው ግዙፍ ዛጎል

ሁለተኛው ምሳሌያችን ለአገራችን ከሚቀርበው ከቀይ ባሕር ነው። በቀይ ባሕር የዛጎል ድንጋይ ላይ፣ ፈረንጆች ኮራል በሚሉት፣ ትሪዳክና የሚባሉ ግዙፍ ዛጎሎች ይኖራሉ። የእነዚህ ገበታ ከላዩ ነጣ ያለ ሆኖ በባሕር ቅጠልና በልዩ ልዩ ነገር ስለሚሸፈን ሁሉም አንድ ይመስላል። ገበታው ሲከፈት ግን ካባቸው ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ካባውም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ ቡናማ ሆኖ እንደ ሐር ያበራል። ይህ ውበት የሚገኘው ብርሃን ከሚያንጸባርቁ የካባው ሕዋሳትና በውስጡ ተጠግተው ከሚኖሩ፣ ለእርሱም ምግብ ከሚያዘጋጁለት ጥቃቅን ሕያዋን ነው። በአንድ ወገን ውስጥ እንኳ ሁለት ካባ በቀለም ተመሳስሎ ማግኘት ጭንቅ ነው። እንግዲህ ዛጎሉ በመመሳሰሉ ይሰውረናል፤ ካባው ደግሞ በመለያየቱ ያሳስተናል።

በቀይ ባሕር ሁለት የትሪዳክና ወገኖች በሰፊው የታወቁ ነበሩ። በ2008 በዮርዳኖስ አቃባ ከእነዚህ አንዱን ለማራባት ይደክሙ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ከሁለቱ ጋር የማይስማማ ሦስተኛ መኖሩን ገለጹ። የገበታው ከንፈር እንደ መጋዝ ጥርስ ጠልቆ የተጠማዘዘ ነው፤ ጥልቅ ወዳልሆነው ውኃ ቀረብ ብሎ ይኖራል፤ ዘሩንም የሚጥለው ሌሎቹ በበጋ ሲጥሉ እርሱ ቀድሞ በጸደይ መጀመሪያ ነው። የዘሩ ጽሕፈት ሲመረመርም ለብቻው የቆመ ወገን መሆኑ ተረጋገጠ። ተመራማሪዎቹም ትሪዳክና ኮስታታ ብለው ሰየሙት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሩዶልፍ ሽቱራኒ ፖላ የተባለችው መርከብ በቀይ ባሕር ካደረገችው ጉዞ የመጡትን ዛጎሎች መርምሮ፣ በ1899 አንዱን ትሪዳክና ስኳሞሲና ብሎ ሰይሞት ነበር። ይህ ስም ከ100 ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ፤ ዛጎሉም ከታወቁት ሁለት ወገኖች ጋር ተደባልቆ ይቈጠር ነበር። በ2011 የአሮጌው ናሙና ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። በስም አወጣጥ ሕግ የቀደመው ስም ስለሚጸና፣ የ2008ቱ ስም ተሽሮ የ1899ኙ ጸና። ለካስ መዝገቡ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ይህ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ባላደከምናችሁ ነበር። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ በዛሬው ባሕር ያሉትን ዛጎሎች ቢቈጥሩ፣ ይህ ወገን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ከ125 ሺህ ዓመት ያህል በፊት ባሕር ከነበረው ደረቅ ድንጋይ ውስጥ የወጡትን ሲቈጥሩ ግን ከመቶ 80 የሚያህለው የእርሱ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ሰው በቀይ ባሕር ዳር ይኖር እንደ ነበር በኤርትራ በዙላ ሰላጤ፣ አብዱር በተባለ ስፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ይመሰክራሉ። ዛጎሉ ግዙፍ ነው፤ ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ስለሚኖር በእጅ ይደረስበታል። ስለዚህ ሰው ከጥንት ጀምሮ እየለቀመ እንዳመናመነው ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ከ1985 ጀምሮ የትሪዳክና ነገድ በሙሉ በመንግሥታት ውል መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጥ ተደርጓል። ሆኖም በስሙ ያልታወቀ ፍጥረት ስንት እንደ ቀረ የሚቈጥርለት የለም፤ ያልተቈጠረውም ማነሱ አይታወቅም። ከሁለት ብዙ ወገኖች ጋር ተደባልቆ የኖረው ይህ ዛጎል፣ በዘመዶቹ ብዛት ተሸፍኖ ብቻውን ይመናመን ነበር።

የሊቃውንት አመራመር

እንግዲህ ሊቃውንት ዛጎልን ሲመረምሩ የሚሄዱበት መንገድ ይህ ነው። አስቀድመው ቀለሙን ያያሉ፤ ይጽፉታልም፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ አይፈርዱም። ቀጥሎ ማጠፊያውን ይመለከታሉ፤ ሁለቱ ገበታዎች እንዳይዛነፉ የሚያያዙባቸው ትንንሽ ጥርሶች አሉና፣ ቍጥራቸውና አቀማመጣቸው ከወገን ወገን ይለያያል። ከዚያም የገበታውን ውስጥ ያያሉ። ገበታውን የሚዘጉት ጡንቻዎች የተጣበቁበት ጠባሳ፣ የካባው ጠርዝ የተያያዘበት መስመር፣ ቧንቧዎቹም የሚሰበሰቡበት ሰርጥ በዚያ ታትመው ይቀራሉ፤ እንስሳው ከሞተ በኋላም አይጠፉም። በመጨረሻ ያገኙትን በቤተ መዘክር ከተቀመጠው፣ ስሙ በመጀመሪያ ከተሰጠበት ናሙና ጋር ያስተያያሉ።

ከ2003 ወዲህ ደግሞ ካናዳዊው ሊቅ ፖል ሄበርት ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ከእንስሳው ሥጋ ጥቂት ወስዶ የዲ ኤን ኤውን አንድ አጭር ክፍል በማንበብ ወገንን መለየት ተለምዷል። ይህም የቀድሞውን መንገድ የሚሽር ሳይሆን የሚደግፍ ነው። የቀይ ባሕሩ ዛጎል እንደ ተለየው ሁሉ፣ ቅርጹ፣ የሚዋለድበት ወራትና የዘሩ ጽሕፈት በአንድ ቃል ሲመሰክሩ ፍርዱ ይጸናል። አንድ ምስክር ብቻ ሲቆም ግን፣ ይልቁንም ምስክሩ ቀለም ሲሆን፣ ሌላ ምስክር እስኪገኝ ድረስ ነገሩን በይደር ማቆየት የብልህ ሥራ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

አባቶችና እናቶች ይህን ነገር ለልጆቻችሁ ለማስተማር ባሕር ዳር መውረድ አያስፈልጋችሁም። ነጭ፣ ቀይና ዝንጉርጉር ቦሎቄ በአንድ ሳሕን፣ ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድ በሌላ ሳሕን አድርጋችሁ አቅርቡላቸው። ከቦሎቄው እያንዳንዱን ውኃ ውስጥ አሳድረው ለሁለት ይክፈሉት፤ ልጡ ቢለያይም የውስጡ አሠራር አንድ መሆኑን ያያሉ። ከሁለቱ አዝሙድ ደግሞ ጥቂት በአፈር ይዝሩ፤ ሲያድጉ አንዱ የሌላውን ቅጠል እንደማይመስል፣ አበባቸውም ሌላ ሌላ እንደ ሆነ በዓይናቸው ይመለከታሉ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ነገር ሲያዩ «ቀለሙ ምንድር ነው?» ብለው አያቆሙም፤ «እንዴት ተሠራ? ከማን ተወለደ? ምን ያፈራል?» ብለው ይጨምራሉ።

ይህን ልማድ የያዘ ልጅ ሲያድግ ሐኪም ቢሆን ሽፍታን በቅላቱ ብቻ አይፈርድም፤ ገበሬ ቢሆን ዘርን በልጡ ብቻ አይመርጥም፤ ዳኛም ቢሆን ሰውን በልብሱ አይመዝንም። ዓይን ያየውን ቀለም ይናገር፤ መናገሩ ሥራው ነው። ፍርዱን ግን ገበታውን ገልብጦ ውስጡን ላየው፣ ማጠፊያውንም ለቈጠረው እንተውለት።